ስንት እና ለምን

ፊታውራሪ መሸሻ በአንድ አፈኛ ገበሬ በቅሎ ላይ ዓይናቸውን ጣሉ። ሰበብ ፈልገው አስጠሩትና ከጧት ጀምሮ ደጅ አስጠኑት። ቀትር ላይ ሲያስገቡት ሁለት ሊቃውንት ይከራከራሉ። አንዱ «ዓለም የሚታወቀው በመለካት ነው» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ ለምን ብሎ በመመርመር ነው» ይላል።

«በል አንተ ፍረድ» አሉት ፊታውራሪ። «ከሁለቱ አንዱን እንኳ ቅር ካሰኘህ በቅሎህ የእኔ ናት!»

ገበሬው ወጥመዱ ገባውና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ጧት ስደርስ ጥላዬ ዘጠኝ እግር ነበር፤ አሁን አንድ ሆኗል። ይህን ሁሉ ስቆም አንዲት ፍሬ ቆሎ የሰጠኝ የለም፤ በቅሎዬ ግን ከጎተራዎ ሦስቴ ገብስ ቀርቦላታል። መለካት ብቻ ባውቅ፣ ‹ጌታዬ እንስሳ ይወዳሉ› ብዬ አመሰግን ነበር። ‹ለምን› ማለት ብቻ ባውቅ ደግሞ፣ ያለ ማስረጃ ጌታውን የጠረጠረ ባለጌ እሆን ነበር። ሁለቱን ሳጋጥም ግን፣ እኔ ገና ሳይፈረድብኝ በቅሎዬ እዚህ ቤት ቀለብ እንደ ተቆረጠላት ገባኝ።»

ሁለቱም ሊቃውንት እኩል ረክተው ሳቁ። ፊታውራሪ አፍረው፣ «በል በቅሎህን ፍታና ሂድ!» አሉት።

«እሺ ጌታዬ፤ አራተኛውን ገብስ ትጨርስና።»