ከዳሱ የወጡት አጫጆች

አንድ ባለጠጋ ገበሬ ነበረ። ተቀመጥ እንጂ ዶክተር፣ ቆመህ አይሆንም። «ጋሽ ጫንያለው፣ እነዚህ ልጆች ለስድስት ቀን መኝታቸውን ለጉባኤ እንግዶች ቢለቁ ምን ይሆናሉ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አንተ የተማሪዎች ዲን ነህ፣ እኔ የሕንፃው ፕሮክተር ነኝ፤ መልስ መስጠት ግዴታዬ ነው። እሰጥሃለሁ፣ ግን በራሴ መንገድ ነው።

የዚህ ገበሬ ጤፍ ደረሰ። ምን ያለ ጤፍ! መንገደኛው ሁሉ ቆሞ የሚያየው። ግን ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል፤ ቶሎ ካልታጨደ ዝናብ ሊያበላሸው ነው። ስለዚህ ደቦ ጠራ። አርባ ጎረቤት የራሱን እርሻ ትቶ ማጭዱን ይዞ መጣለት። የደቦን ሥርዓት ታውቃለህ፣ የገበሬ ልጅ ነህ። ጠሪው ዳስ ይጥላል፣ ያበላል፣ ያጠጣል። ዳሱ የአጫጁ ነው። እጁን ቀድሞ የሚታጠበውም አጫጁ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ግማሹ ታጨደ። ሰዎቹ ወገባቸውን ይዘው ዳሱ ውስጥ ቁጭ ከማለታቸው ከከተማ እንግዶች በበቅሎ ደረሱ፤ የጤፉን ዝና ሰምተው ሊያዩ ነው። ገበሬው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። አጫጆቹን ምን አላቸው መሰለህ? «እናንተ ውጡ፣ እንግዶች ይቀመጡ። እናንተ የቤት ሰው ናችሁ፣ ፀሐይም ለምዳችኋል።» ለእነሱ የተሠራው ወጥ ለእንግዶቹ ቀረበ። ለአጫጆቹ ንፍሮ ወጣላቸው፣ እሱም በቅጡ ያልበሰለ! እንግዶቹ እየጎረሱ ሰብሉን ሲያደንቁ ገበሬው «የድካሜ ፍሬ ነው» ይላቸዋል። ድካሜ! እፍረት የሚባል የለም እንዴ?

ከአጫጆቹ መሃል አንድ ሽማግሌ ተነሣ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ማጭዱን በሣር ጠረገና ብብቱ ሥር ሸጎጠው። «ጌታው፣ የቀረውን ዳሱ ውስጥ ያሉት ይጨዱልህ» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሠላሳ ዘጠኙም ተከተሉት። ገበሬው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዞር ብሎ እንግዶቹን አያቸው፤ ማጭድ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አያውቁም። ነጠብጣብ ሲጀምር በቅሏቸውን ጭነው ሄዱ። ዝናቡ የቀረውን ጤፍ መሬት ላይ አስተኛው፤ በሳምንቱ እዚያው በቀለ።

ይኸው ነው ዶክተር። ገበሬው አንተ ነህ። አዎ፣ አንተ! ፊትህን አታዙርብኝ። በሩ ላይ «የምርምር ዩኒቨርሲቲ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ምርምሩን የሚሠራው ማን ነው? ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ልጆች አይደሉም እንዴ በየማሳው እየዞሩ አፈር በላስቲክ ሲሰበስቡ የከረሙት? ለእንግዶችህ በጉባኤው የምታሳየው የእነሱን ሥራ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያቀርቡት ደግሞ የፊታችን ሰኞ ነው፤ አንተ ግን ፍራሻቸውን ተሸክመው ስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ይተኙ ትላለህ። ውሃውስ? ሁለት ዓመት ሙሉ «ፓምፑ ተበላሽቷል» እያላችሁ በጀሪካን ሦስት ፎቅ አስወጣችኋቸው። እንግዳ ይመጣል ሲባል በሁለት ቀን ተሠራ! ኧረ ተዉ፣ ፈጣሪን ፍሩ!

ምን ይሆናሉ ነው ያልከኝ? ይሄዳሉ። አንሙት የሚባለው፣ ያ አፈሩን በየቀኑ ሲመዝን የከረመው ልጅ፣ ዛሬ ጠዋት ሻንጣውን ሸክፎ አገኘሁት። «ጋሼ፣ በቃኝ፣ ሳልመረቅም ቢሆን አገሬ እገባለሁ» አለኝ። እስከ ነገ ጠብቅ ብዬ ለምኜ ነው ወደ አንተ የመጣሁት።

የክፍሎቹ ቁልፍ ይኸው፣ ጠረጴዛህ ላይ አስቀመጥኩልህ። እኔ አንድም ልጅ አላስወጣም። ከፈለግህ ራስህ ወጥተህ በየበሩ አንኳኳና «ልቀቁ» በላቸው። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቁጥር ጀምር። በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ታውቀዋለህ፤ አንተን ከገጠር ስትመጣ ያስተኛሁህ እዚያ ነው። አሁን አንሙት ነው ያለበት።