የዴፍ ቀረጥ

አንድ ይርሳው የሚባል የቆላ ባላገር ነበር። የመንደሩ ወፍጮ ሞተሩ ተቃጥሎ ከቆመ ሰንብቷል። ሴቶቹ እህሉን በጀርባቸው አዝለው ሌላ ቀበሌ ድረስ ይሄዳሉ፤ ማልደው ወጥተው የሚመለሱት ሲመሽ ነው። ነገሩ ሲመር መንደሩ ተመካክሮ ገንዘብ አዋጣ። ፍየሉን የሸጠ አለ፤ የልጁን ሠርግ ያራዘመ አለ። ሞተሩ ከወሰን ማዶ፣ በጎረቤት አገር፣ በግማሽ ዋጋ እንደሚገኝ ተሰማ። ማን ይሂድ ሲባል ሁሉም ይርሳውን ጠራ። የሰው ሳንቲም በእጁ ቢገባ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነውና። ለምግብና ለማደሪያው ከዚያው ገንዘብ ላይ ጥቂት ቢነካ እንደማይቀየሙት ነገሩት። እሱ ግን ያንንም ላለመንካት በሶ ቋጥሮ፣ ገንዘቡን በወገቡ ታጥቆ ተነሣ።

ወሰኑን ሲሻገር ቋንቋው ተቀየረበት። የሚሰማው ሁሉ ዐረብኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሰላምታ በላይ አንዲት ቃል አያውቅም። አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ግራ ተጋብቶ ሲቆም አንድ ሰው ከኋላው "የአገሬ ልጅ" ብሎ አቀፈው። መኳንንት ይባላል። እዚያ ብዙ ዘመን የኖረ፣ ከአገር ቤት ከመጣ ሰው ሁሉ ጋር የሚዘመድ ሰው ነው። በሰው አገር የእናት ቋንቋ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ልብ እንዴት እንደሚቀልጥ የደረሰበት ያውቀዋል። ይርሳው የመጣበትን ጉዳይ ምንም ሳያስቀር ዘረገፈለት። በወገቡ የታጠቀውን ሳይቀር ነገረው፤ እዚህ ላይ እንኳ እኔም እናደድበታለሁ።

መኳንንት ምክሩን አልነፈገውም። "ስማኝ፣ እዚህ አገር አፍህን እንዳትከፍት" አለው። "ባዕድ መሆንህን ካወቁ አጥንትህን ይግጡታል። አንተ ዝም ብለህ ፈገግ በል። የሚከፈለውን ለእኔ ስጠኝ፣ እኔ እከፍልልሃለሁ።"

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው ብሎ ይርሳው ተስማማ።

መኳንንት የወሰደው በቱል ወደምትባል አንዲት አሮጊት ግቢ ነው። በቱል በሯ ላይ ሻይ ትሸጣለች። ከግቢው ውስጥ ደግሞ የገመድ አልጋ የተዘረጋባት ንጹሕ ክፍል አለቻት። መኳንንት ቦታውን "ሆቴል ነው" አለው። አሮጊቷ ይርሳውን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ዴፍ" አለች። ከዚያ ውሃ አመጣች፤ በዘይት የታሸ ባቄላ ከዳቦ ጋር አቀረበች፤ ሻይም ቀዳችለት። ይርሳው ዴፍ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ።

"የባዕድ ሰው ቀረጥ ነው" አለ መኳንንት። "አገሬው አንድ በሚከፍልበት አንተ አምስት ትከፍላለህ። ሕጋቸው ነው፣ ምን ይደረጋል።"

ይርሳው ልብ ብሎ አየ። እውነትም የሰፈሩ ሰዎች ሻያቸውን ጠጥተው አንዳንድ ሳንቲም ቆርቆሮዋ ውስጥ ጣል እያደረጉ ይሄዳሉ። እሱ ግን በመሸ ቁጥር መቀነቱን ፈትቶ ድፍን ድፍን ብር ለመኳንንት ይቆጥራል። መኳንንት ብሩን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ ይልና "ከፍያለሁ" እያለ ይመለሳል። የአልጋ ዴፍ፣ የባቄላ ዴፍ፣ የውሃ ሳይቀር ዴፍ ተከፈለ። በሶውን ልብላ ቢል መኳንንት ነውር ነው፣ የቤቱ ሕግ አይፈቅድም ብሎ ከለከለው። ሞተሩስ ብሎ ሲጠይቅ ሱቁ ድረስ ወስዶ ከባለሱቁ ጋር በዐረብኛ ተነጋገረና ዕቃው ገና አልመጣም፣ ጠብቁ ተብለናል አለው።

ይርሳው ከሚሰጠው ብር የእያንዳንዱን ባለቤት ያውቃል። ይሄ የአለሚቱ ፍየል ነው፣ ይሄ የነጋድራስ ልጅ ሠርግ ነው እያለ በሆዱ እየቆጠረ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ አሮጊቷን ጠላት። ከእሷም አልፎ አገሩን ጠላው፤ እንግዳን የሚዘርፍ ሕዝብ እንዴት ዝናብ ይዘንብለታል ብሎ አዘነ።

መቼም የእኛ ሰው ቋንቋ የማይሰማለትን ሰው እየሳቀ መስደብ ይችልበታል። አሮጊቷ ማታ ማታ የመጨረሻውን ሻይ ስታቀርብለት ይርሳው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን በፈገግታ ሞልቶ "የድሃ ገንዘብ ነው፣ ያንቅሽ፤ ደጅሽ ይዘጋ" ይላታል። አሮጊቷም መዳፎቿን ወደ ላይ ዘርግታ "አሚን" ትላለች። መኳንንት ሻዩ ትን እስኪለው ይስቃል። ይርሳው በአሮጊቷ የሚስቅ ይመስለውና አብሮት ይስቃል።

እንዲህ ሲባል ተሰነበተ። አንድ ጠዋት ይርሳው መቀነቱን ቢዳስስ የቀረው ገንዘብ ሞተሩን እንደማይገዛ ገባው። መንደሩ ምን ይለዋል? በጀርባቸው እህል አዝለው የሚጠብቁት ሴቶችስ ፊት እንዴት ይቆማል? መኳንንት ማልዶ ወጥቷል። ሞተሩ ከቀረ አይቀር የበላችኝን ሴት ፊት ለፊት አዋርጃት ልሂድ ብሎ ይርሳው ብቻውን ወደ በሩ ወጣ።

ሻይ በሚጠጡት ሰዎች መሐል ገብቶ ብር አሮጊቷ እጅ ላይ አስቀመጠና "ዴፍ፣ ይኸው ዴፍሽ" አላት። አሮጊቷ ደንግጣ ብሩን መለሰችለት። አነሰኝ ማለቷ ነው ብሎ ጨመረበት። እንደገና መለሰች። ሦስተኛ ጨምሮ በግድ ሲያስጨብጣት ብሩን መሬት ላይ ጣለችውና ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ሻይ ጠጪዎቹ ተነሥተው ከበቡት።

ከመካከላቸው እስከ ጎንደር ጭነት የሚያመላልስ፣ አማርኛ የለመደ ሹፌር ነበረ። ምን አድርጋህ ነው የምታዋርዳት ብሎ ጠየቀው። ይርሳውም በቁጣ ስለ ቀረጡ፣ ስለ መኳንንትና ማታ ማታ ስለሚከፈለው ገንዘብ ነገረው። ሹፌሩ መጀመሪያ ነገሩ ሊገባው አልቻለም። ሲገባው ራሱን ያዘ።

"ዴፍ ማለት እንግዳ ማለት ነው" አለው። "ይህችን ክፍል ባሏ ከመሞቱ በፊት ለመንገደኛ ብሎ ነው የሠራት። እዚህ ያደረ እንግዳ ከፍሎ አያውቅም። አንድም ሳንቲም ከአንተ እጅ አልደረሳትም።"

አሮጊቷ በሻሿ ውስጥ ሆና አንድ ነገር ተናገረች፤ ሹፌሩም ሰምቷት ወደ ይርሳው ዞረ።

"አሁን ለምን እንደ ተቆጣህ አልገባትም" አለ። "ማታ ማታ እየመረቅኻት ነበር አሉ። ምርቃቱ ምን እንደሚል ንገረኝ ትልሃለች።"

ይርሳው ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ብር መልቀም ጀመረ። እኔን ብትጠይቁኝ ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን መኳንንት ጉንጩን በጫት ወጥሮ ደረሰ። የሰዉን ፊት ሲያይ ነገሩ መገለጡን ዐወቀ። ሸሸ እንዳትሉ፤ ሐፍረት ያለው ሰው ነው የሚሸሸው። ይርሳው ዱላውን ሲያነሣበት እጁን ኪሱ ውስጥ እንደ ከተተ መለሰለት።

"ምን አጠፋሁ? እሷ የሰጠችው ለአንተ ነው፤ ደስ ብሏት ነው የሰጠችህ። አንተ የሰጠኸው ለእኔ ነው። ማን ተጎዳ?"

ዱላው ሳያርፍ አሮጊቷ መሐል ገባች። በግቢዬ ሰው አይመታም፣ እሱም ዴፍ ነው አለች። ይህን ለመኳንንት የሚተረጉምለት አላስፈለገውም። ፈገግ ብሎ ጀርባውን ሰጣቸውና ሄደ። ገንዘቡ በጫትና በካርታ አልቆ ስለነበር ቢይዙትም የሚመለስ ነገር አልነበረውም። ሞተሩም ቢሆን ከሱቁ ጠፍቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ባለሱቁ በዐረብኛ ያለው "ዛሬ ውሰዱት" ነው።

ይርሳው ያለ ሞተር፣ ከገንዘቡ የተረፈችውን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ለመንደሩ የሆነውን ሁሉ ነገረ። ግማሹ አመነው፣ ግማሹ በልቶት ነው አለ። ወፍጮው ዛሬም እንደ ቆመ ነው፤ ሴቶቹም ዛሬም ይሄዳሉ።

ሌባ ብዙ ዓይነት ነው። በሰጪና በተቀባይ መሐል ቆሞ የሚሰርቀው ግን ከሁሉ ይከፋል፤ የአንዱን ገንዘብ፣ የሌላውን ምስጋና ይወስዳል፣ ሁለቱንም አጣልቶ ይኖርበታል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ብላችሁ ለይርሳው ብቻ እንዳታዝኑለት። እሱ የአገሩ ልጅ ስለሆነ ብቻ ሌባውን አመነ፤ ባዕድ ስለሆነች ብቻ ያጎረሰችውን እጅ ጠላ። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ ፊቷን ቢያይ፣ ቀረጥ የሚሰበስብ ሰው ፊት እንዳልሆነ ይገባው ነበር።

እናንተስ? ክፉ ናቸው ብላችሁ የምትረግሟቸው ጎረቤቶቻችሁ ክፋታቸውን ከራሳቸው አፍ ሰማችሁት፣ ወይስ ከአስተርጓሚ?