ነፋሱን ያስገባችው አንጓች

ይህ ከሥሩ የተቀመጥንበት ዋርካ ገና ፍሬ ሳለ፣ ወፍም ሳትጥለው፣ በዚህች መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ የሰው ወለልና የሰው ጎታ በእበት መለቅለቅ ነው። መሬት የላት፣ በሬ የላት፣ ዘመድ የላት። የነበራት ጥያቄ ብቻ ነው። ያየችውን ሁሉ «ለምን?» ትላለች። ሰዉም ይስቅባታል። እናንተም ብትሆኑ ትስቁባት ነበር፤ አትዋሹኝ።

አገራችን ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ነው፤ ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሲያባራ በመስከረም ነው። ስለዚህ ዘሩ ክረምቱን ሙሉ ቤት ይከርማል። በዚያ ዘመን መንደሩ ዘሩን ባንድ ላይ የሚያኖረው አንድ ባላባት ጥሎት በሄደ አሮጌ ቤት ነበር። ቤቱ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ወለሉ ሳንቃ ነው። ከሳንቃው ሥር ሰው በሆዱ ተስቦ የሚገባበት ባዶ ቦታ አለ። ጠባቂው አያ ሻረው ይባላሉ፤ የሚኖሩትም እዚያው ነው።

ሁለት ክረምት በተከታታይ ዘሩ ሻገተ። ሁለቴ ከወንዝ ማዶ ዘር ለመኑ። ማዶኞቹም «ሦስተኛ እንዳትመጡብን» አሉ። በሦስተኛው ክረምት ዘሩ ከሻገተ መንደሩ መበተኑ ነው።

ሽማግሌዎቹ «ጣሪያው ነው» አሉ። የጣሪያው ሣር ተለወጠ። ሰኔ ገባ፣ ሳንቃው እንደገና ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ጀመር። አንጓች ጎታ ልትለቀልቅ ገባችና ጎታውን ዳበሰችው። ከላይ ደረቅ ነው። ከታች እርጥብ ነው።

«ውሃው ከላይ ቢመጣ ከላይ አይርስም ነበር?» አለች።

«ዝናብ ከታች ወደ ላይ ሲዘንብ የት አየሽ?» አሏት፤ ሳቁ።

አንጓች በሆዷ ተስባ ከወለሉ ሥር ገባች። ደረቅ ድስት አፈሩ ላይ ደፍታ ወጣች። በማግስቱ ገብታ አነሳችው። የድስቱ ውስጥ በላብ ተጠምቋል። ይዛው ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች። አንድ በአንድ ጣታቸውን ሰደዱ። አንድ በአንድ ጣታቸውን አዩ። የሳቀ የለም።

አንጓች ግን አልበቃትም። «አፈሩስ ከየት ይጠጣል?» አለች። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሮጠ፣ እሷ ከዘሩ ቤት ጀርባ ቆማ በዝናብ ተደበደበች። ውሃው ከዳገቱ ወርዶ ከመሠረቱ ሥር ሲገባ አየች። ዶማ ተበድራ ቦይ መቆፈር ጀመረች። አንድ ቀን ብቻዋን ቆፈረች። ሁለተኛም ቀን ብቻዋን ቆፈረች። በሦስተኛው ቀን ወንዶቹን ሐፍረት ያዛቸውና ዶማቸውን ይዘው መጡ። ውሃው ወደ ጅረቱ ዞረ። አንጓች ድስቷን እንደገና ደፋች፣ እንደገና አነሳች። ላቡ ቀንሷል። አልጠፋም።

«የገባው እርጥበትስ በየት ይውጣ?» አለች። መሠረቱን እየዳበሰች ዞረች። ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ አገኘች፣ ሁለቱም በጭቃ ተደፍነዋል። የደፈኑት አያ ሻረው ናቸው።

«እንዳትነኪው!» አሉ አያ ሻረው። «ሚስቴን የገደላት በዚህ የገባ ንፋስ ነው። ንፋስ መትቷት በሦስት ቀን ወሰዳት።»

መንደሩም ከአያ ሻረው ጋር ሆነ። ያን ጊዜ ይቅርና፣ ዛሬስ እኛ መስኮት ሲከፈት አንጮህም? አንጓች ግን እንዲህ አለች፦

«ሁለቱንም ልክፈት፤ ንፋሱ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። እኔ ከቀዳዳው በላይ ሳንቃው ላይ ክረምቱን ሙሉ እተኛለሁ። የሚገድል ከሆነ መጀመሪያ እኔን ያግኝ። ያን ጊዜ ደፍኑት።»

ከፈተችው፤ ተኛች። ሐምሌ ሙሉ በሳንቃው ስንጥቅ ነፈሰባት። አያ ሻረው ንፋሱን ፈርተው ጎረቤት ያድራሉ፤ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ደጅ ቆመው «አንጓች፣ አለሽ?» ይላሉ። «አለሁ አያ» ትላለች። በነሐሴ አንድ ጠዋት «አንጓች፣ አለሽ?» አሉ። መልስ የለም። አያ ሻረው «ኡኡ!» አሉ። ጩኸታቸውን ሰምቶ መንደሩ ሲሰበሰብ፣ አንጓች ድስቷን ይዛ ከወለሉ ሥር ብቅ አለች።

«ደረቅ ነው!» አለች። «ዳብሱት!»

መስከረም ጠባ። ጎታው ተከፈተ። እጅ ሲገባበት ሽምብራው እንደ ጠጠር ተንኮሻኮሸ። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ሻረው እልል አላሉም፤ ወደ አንጓች ዞሩ።

«ንፋሱ አንቺን ካልገደለ፣ ሚስቴን ምን ገደላት?»

«እኔ የማውቀው ወለል ነው አያ፤ ይህን አላውቅም» አለች።

አያ ሻረው ጋቢያቸውን አነጠፉ። እሷ ከተኛችበት ቦታ ተኙ። ንፋሱ ፊታቸውን ነካቸው። ሚስታቸውን በቀበሩ ጊዜ ያላለቀሱትን ያን ቀን አለቀሱ። አንጓች አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ምንም አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር ቤት ሲሠራ ከመሠረቱ ግራና ቀኝ ቀዳዳ ይተዋል። ቀዳዳውንም አንጓች እንለዋለን። አዲስ ቤት ሲገባ ከዕቃው በፊት፣ ከእሳቱም በፊት፣ የቤተ ሰቡ ታላቅ ገብቶ በባዶው ወለል ላይ ይተኛል። ደጅ የቆምነው «አንጓች፣ አለሽ?» እንላለን። የተኛው ሰው፣ ወንድ ቢሆንም ባላባት ቢሆንም፣ ስለ እሷ «አለሁ አያ» ይላል። ይህን ሳይል እልል የሚል የለም።