ካህን የማይሳፈርበት ጀልባ

በድሮ ዘመን በአየርላንድ ጠረፍ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ካህን በጀልባ ከተሳፈረ ማዕበል ይነሣል ብለው ያምኑ ነበር። ወደ ባሕር ሲወርዱ ካህን መንገድ ላይ ካገኛቸው እንኳ መረባቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

የአካባቢው ገዳም አበምኔት አባ ሎርካን ይህን ሲሰሙ ክፉኛ ተቆጡ። አባ ሎርካን ድምፃቸውም ሆዳቸውም ትልቅ ነበር፤ ከበቅሏቸው ለመውረድ ሁለት መነኮሳት ይደግፏቸዋል። አንድ ማለዳ ወደ ባሕሩ ዳር መጡና፣ ሰዎቹ መረባቸውን ሰብስበው ሊመለሱ ሲሉ አንዱን ሽማግሌ አስቆሙት።

«እስቲ ንገረኝ፣ ካህን መዓት ያመጣል?» አሉት። «ያመጣል ካልክ አወግዝሃለሁ። አያመጣም ካልክ ደግሞ አሁኑኑ በጀልባህ አሳፍረኝ።»

ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ።

«አባቴ፣ ካህንስ በረከት ነው» አለ። «ግን ባለፈው እሑድ ሲሰብኩ፣ ነቢዩ ዮናስ የተሳፈረበትን መርከብ ማዕበል መታው፤ ባሕሩ ጸጥ ያለው መርከበኞቹ ዮናስን ሲጥሉት ነው ብለውናል።»

«ብያለሁ! ታዲያ ዓሣ አንበሪ ውጦ ከሞት አተረፈው አላልኩም?»

«ብለዋል አባቴ፤ እኔን የጨነቀኝም እሱ ነው። በዚህ ባሕር አርባ ዓመት ዓሣ አጥምጃለሁ፤ እርስዎን መዋጥ የሚችል ዓሣ ግን አንድም ቀን አላጋጠመኝም።»