በሳሙና የታሸገው ቱቦ

እኛ ሐይቅ ከተማ፣ ሰው የሚወዛወዝ መሰላል ላይ እየወጣ «ተወው፣ ለምደነዋል» ካለ፣ አጠገቡ ያለ ሽማግሌ ዝም አይለውም። አንዲት ቃል ጣል ያደርግበታል። ልጆች ቃሏን ሰምተው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ቃሏ የተወለደች ዕለት እዚያው ነበርኩ።

ይመር የሚባል ሹፌር ነበረን፤ ሰው ወዳድ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሲበዛ ደግሞ ችኩል። መኪናው ውይይት የምንላት ነች፤ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር ያላት፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ የሚሄድባት አሮጌ መኪና። መግቢያዋም መውጫዋም ከኋላ ያለችው አንዲት በር ብቻ ናት። መቀርቀሪያዋ ደግሞ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይከፈትም።

ይቺ መኪና ቤንዚን ቤንዚን ትሸት ነበር። ቤንዚኑን ከታንከሩ ወደ ሞተሩ የሚወስደው የጎማ ቱቦ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። ባለጋራዡ እንድሪስ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ ይሄ ጎማ እንደ ቆዳ ደርቋል፣ መኪናዋን ለአንድ ቀን ተውልኝና በአዲስ ልቀይረው አለው። ይመር እቴ! የገበያ መንገደኛ ትቶ መኪና ሊያቆም? የልብስ ሳሙና በውሃ አለስልሶ ስንጥቁ ላይ ለጠፈ፣ በላዩ የካላማዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ጠመጠመ፣ ሄደ። ሳሙናው ሲለቅ ሌላ ይለጥፋል። አገር ምድሩ የሚያደርገው ነውና ማንም ነውር አላለውም። እኛም ስንሳፈር አፍንጫችንን በነጠላ ያዝ እናደርጋለን፤ ትንሽ እንደሄድን እንረሳዋለን።

ያልረሳችው ሚስቱ ጦይባ ብቻ ነበረች። ያኔ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ሽታው ቤት ድረስ ይከተለኛል፣ ዛሬማ ብሷል፣ እባክህ አስቀይረው እያለች ትለምነዋለች። እኛ የሰፈር ሴቶች ደግሞ አዋቂዎች ነን አይደል? ነፍሰ ጡር ያልሸተታት ምን አለ፣ ስትወልድ ይተዋታል ብለን ሳቅንባት። ይመርም ይህንኑ ከእኛ ይዞ፣ አብሽሪ፣ ችግሩ ያለው እርግዝናሽ ላይ እንጂ መኪናዬ ላይ አይደለም አላት።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ለገበያ ወደ ደሴ ስንወጣ፣ ጦይባም ወሯ ስለገባ ሐኪም ሊያያት አብራን ልትሄድ ሆነ። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። አልገባም አለች።

«ይመር፣ ፈርቻለሁ» አለችው። «እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።»

በሰው ፊት አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ክንዷን ደግፎ አስገባትና አጠገቤ አስቀመጣት። ከፊት ለፊታችን አያ ሙሄ፣ የሰፈራችን አስታራቂ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። ይመር በሩን ከውጭ ቀረቀረው።

ዳገቱን ስንጀምር ሽታው ወፈረ። ዐይናችን ያነባ ጀመር። ጦይባ እጄን ያዘችኝ። ከሹፌሩ የሚለየንን መስታወት ብንደበድብ ይመር ሳይዞር፣ አብሽሩ እንደማለት እጁን አወዛወዘልን። ወዲያው ከፊት በኩል አንድ ነገር ቦግ አለ። በወለሉ ቀዳዳ ጭስ ገባ፣ ጭሱን ተከትሎ ነበልባል። ለካ ሳሙናው ቀልጦ፣ ቱቦው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ቤንዚኑ የጋለው ሞተር ላይ ይረጭ ኖሯል።

መኪናዋ ቆመች። ሁላችንም በሩ ላይ ተደራረብን። አንዱ አላህን ይጠራል፣ አንዷ ማርያምን። ጦይባ ግን ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋለች። ይመር ከውጭ መቀርቀሪያውን ሲታገል ይሰማናል። ብረቱ ይንኳኳል እንጂ አይላቀቅም። እኛ በፍርሃት በሩን ስንገፋ መቀርቀሪያውን እያጠበቅንበት ነበር።

«ልቀቁት» አሉ አያ ሙሄ። «በሩን ልቀቁና ወደ እሳቱ ተመለሱ።»

ወደ እሳቱ! ማን እሺ ይላል? እሳቸው ግን ዱላቸውን ይዘው ቀድመው ወደ ጭሱ ተመለሱ። እኔም ጦይባን አቅፌ ተከተልኳቸው፤ የቀሚሴ ጠርዝ ሲለበለብ ይሰማኛል። ሌላውም ተከተለን። በሩ ላላ፣ መቀርቀሪያው ተላቀቀ፣ እየተረጋገጥን ወጣን።

መንገዱ ዳር ሜዳው ላይ ወደቅን። መኪናዋ ከኋላችን ትቃጠላለች፤ ማንም ዞሮ አላያትም። ሁሉም የሚያየው ጦይባን ነው። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ምንም የለም። ይመር እግሯ ሥር ተንበርክኮ ፊቷን ያያል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የረዘመብኝ የለም።

«ተንቀሳቀሰ» አለች በመጨረሻ፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ይመርም እንደ ሕፃን አለቀሰ። ድንገት ነው፣ ወላሂ ድንገት ነው እያለ ለእያንዳንዳችን ይምላል። አያ ሙሄ የተለበለበ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ሁላችንንም አዩን።

«ድንገት አይደለም ልጄ፤ ለሁላችንም ሸቶን ነበር» አሉ። «ሽታ ቢለመድ፣ እሳት አይለመድም።»