የሸራ ሰፊው ካይት

አንድ ሸራ ሰፊ ለሴት ልጃቸው ካይት ትተውላት ሞቱ።

ሰውየው አቶ ለገሠ ይባሉ ነበር። ሐይቅ ዳር ባለች ነፋሻማ ከተማ የጭነት መኪና ሸራና የጀልባ መሸፈኛ እየሰፉ ነው ዕድሜያቸውን የገፉት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ግን ሥራቸውን ዘግተው ወደ ሐይቁ ሜዳ ይወርዱና በክር የሚያዘውን ካይታቸውን ነፋስ ላይ ያበርራሉ። የሳቸው ካይት ልጆች ከፌስታልና ከሸንበቆ ስንጥር እንደሚሠሩት ዓይነት አልነበረም። በቀጫጭን ጠንካራ ዘንጎች የተወጠረ ባለ ሁለት ክንፍ ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ስፋቱ አንድ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት ይበልጣል። ሁለት ረጃጅም ክሮች አሉት፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጃቸው ይይዙታል። ቀኙን ሲስቡት ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ግራውን ሲስቡት ወደ ግራ።

አቶ ለገሠ በዚህ ካይት ብዙ ዓይነት ጨዋታ ያውቁ ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ የሚጠብቀው ግን አንዷን ነው። ካይቱን ሽቅብ ያወጡትና ድንገት በጀርባው ያስተኙታል። ካይቱ ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ፣ አየር ላይ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ተመልካቹ አሁንስ ወደቀ ሲል፣ ክሩን ሳብ ያደርጉትና ካይቱ ነቅቶ ይነሳል። የሜዳው ሰዎች ይህችን ጨዋታ «እንቅልፍ» ብለው ነበር የሚጠሯት። እንደ አቶ ለገሠ አሳምሮ የሚያስተኛ አልነበረም።

ልጃቸው ፍሬሕይወት መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። አባቷ በሕይወት ሳሉ ካይት ማብረር አስተምረዋታል፤ እንቅልፍን ግን «ትደርሺበታለሽ» እያሉ ቆይተው ሳያሳዩዋት አለፉ። ከሐዘኑ በኋላ እናቷ ወይዘሮ አልጋነሽ ካይቱን ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሰቀሉት። ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

«ብታበርሪው አልከለክልሽም» አሉ ለልጃቸው። «ግን አደራ እንዳትሰብሪው። የእጁ ሥራ ሆኖ የቀረን ይሄ ብቻ ነው።»

ፍሬሕይወት አደራውን ጠበቀች። እሑድ እሑድ ካይቱን ከግድግዳው አውርዳ ወደ ሜዳው ትሄዳለች። ከፍ አድርጋ ታወጣዋለች፣ ወደ ቀኝ ትወስደዋለች፣ ወደ ግራ ትመልሰዋለች፤ መሬት አታስጠጋውም። ነፋሱ ጠንከር ካለ ቶሎ ታወርደዋለች፤ ስታወርደውም ሕፃን እንደምታስተኛ ቀስ ብላ ነው። ከዚያ ጠቅልላ ይዛው ትመለስና ቦታው ላይ ትሰቅለዋለች። የአባቷ ወዳጆች «እንዴት አድርገሽ ብትይዢው ነው፣ አዲስ እኮ ነው የሚመስለው» ይሏታል። ታመሰግናለች። ልቧ ግን አይሞቅም። ካይቱን እንደያዘችው እንጂ እንዳላበረረችው ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ከነዚህ ወዳጆች አንዱ ሻምበል አበጋዝ ናቸው። በወታደርነት ዘመናቸው የአየር ወለድ ጦር ውስጥ ፓራሹት አጣፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ከአቶ ለገሠ ጋር ጎን ለጎን ቆመው ካይት ያበርሩ ነበር። አንድ እሑድ ፍሬሕይወት ጠጋ አለቻቸው።

«ሻምበል፣ እንቅልፍን ያስተምሩኝ።»

«የአባትሽን ያህል አላውቃትም። ግን የማውቀውን አሳይሻለሁ» አሉ። «ለመሆኑ ይሄን ካይት ጥለሽው ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

ሻምበል ወደ ካይቱ አዩ፣ ወደ እሷም አዩ። «መጀመሪያ ቤት ነይና ስፌትና ዘንግ መቀየር ላሳይሽ። ጨዋታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

«እኔ የመጣሁት ለጨዋታው ነው» አለች ፍሬሕይወት። «ካልተሰበረ ምን እጠግናለሁ?»

አልተከራከሯትም። የራሳቸውን አሮጌ ካይት ሰጧትና እዚያው ማሳየት ጀመሩ። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። ሁለቱንም ክሮች ጠንከር አድርጎ መሳብ፣ ከዚያ ወዲያው ሁለት እጅን ወደ ካይቱ መላክ። በዚያች ቅጽበት ክሩ ይረግባል፤ ካይቱ የሚይዘው ሲያጣ ተገልብጦ በጀርባው ይተኛል። ከባዱ እጅን መላኩ ነው። ካይት ሲያዘነብል የሰው እጅ ሳያስበው ወደ ራሱ ይስባል። ፍሬሕይወትም ሳበች። ካይቱ አፍንጫውን ዘቅዝቆ መሬቱን መታው። ደግማ ሳበች፣ ደግሞ መታው። ካይቱ የሷ አልነበረምና አላዘነችም፤ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ እጇ መላክ ለመደ። አንድ ቀን የሻምበል ካይት ለአፍታ ተኛላት።

ወዲያው የአባቷን ካይት አነሳች። ሽቅብ አወጣችው፣ ሳበች፤ እጇን መላክ ሲኖርባት ግን ክንዷ ደርቆ ቀረ። የእናቷ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። እንደገና ሞከረች፤ ያው ሆነ። በሰው ካይት የሚታዘዛት እጅ በራሷ ካይት አልታዘዝ አላት።

«ቀስ እያልሽ» አሏት ሻምበል።

«ይሰበርብኛል ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ቤት ነይ ያልኩሽ።»

አሁንም አልሄደችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨዋታውንም ተወችው። አንዳንድ ሰው ተሰጥኦው አለው፣ አንዳንዱ የለውም፤ እኔ የጠባቂነት ድርሻዬን ልወጣ ብላ ራሷን አጽናናች።

አንድ እሑድ እንደ ልማዷ ካይቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየወሰደች ሳለ፣ ከመካከሉ ወረቀት ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ነፋሱ የተለየ አልነበረም። እሷም የተለየ ነገር አላደረገችም። ጥቁሩ ጨርቅ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ካይቱ እየተሽከረከረ ወርዶ የሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተከሰከሰ። መካከለኛው ዘንግ ተሰበረ። ፍሬሕይወት ክሩን እጇ ላይ እንዳለ እየጎተተች ሮጠች፤ ድንጋዩ ላይ ተንበርክካ ቁርጥራጩን ሰብስባ አቀፈችው። ሰው አጠገቧ መድረሱን ያወቀችው ሻምበል ትከሻዋን ሲይዟት ነው።

«ምንም አላደረግኩትም» አለች እያለቀሰች። «ምንም።»

«አይቻለሁ። ተነሽ፣ ቤት እንሂድ።»

ሻምበል ካይቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉት። ከተቀደደው ጫፍ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆንጠር ሲያደርጉት ያለ ምንም ድካም ተቀደደ።

«ይሄን የጎዳው መውደቁ አይደለም። የት ነበር የምታስቀምጡት?»

«ሳሎን፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት።»

«ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲበላው ከርሟል። ጨርቁ ሞቷል፣ የተሰፋበት ክርም በስብሷል። ከላይ ሲያዩት ግን አይታወቅም።»

ከዚያ የአፍንጫውን ጥብጣብ በምላጭ ጫፍ ቀስ ብለው ፈቱት። ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ነበር፤ ከዚያም ሥር ሌላ። አንዱ በነጭ ክር ተሰፍቷል፣ አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱ ደግሞ በአረንጓዴ ክር ጠመም ብሎ ተወግቷል። አንዱን ዘንግ ከሌላው አስጠግተው አሳዩዋት፤ ቀለማቸው እንኳ አንድ አልነበረም።

ፍሬሕይወት ጣቷን በስፌቶቹ ላይ እያስኬደች ቆየች። «አባዬ ይጥለው ነበር ማለት ነው?»

«ከኔ በላይ ይጥለው ነበር። እንቅልፍን ሲለማመድ ዘንግ ያልሰበረበት እሑድ አልነበረም። አንቺ ያየሽው ለምዶ ከጨረሰ በኋላ ነው።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኛ ዘንድ ፓራሹት የሚያጥፍ ሰው ራሱ ባጠፈው ይዘላል። ሕጉ እንደዚያ ነበር። አዲስ ሳለሁ እፈራ ነበር። ማጠፉን እጄ ሲያውቀው፣ እያንዳንዱን ገመድ አንድ በአንድ ሳየው ፍርሃቱ ለቀቀኝ። አንቺ ይሄን ካይት ትወጂዋለሽ፤ ግን አታውቂውም። ለዚህ ነው እጅሽ የሚደርቀው።»

ፍሬሕይወት ካይቱን ጠቅልላ ቤቷ ሄደች። እናቷ በረንዳ ላይ ነበሩ።

«እማዬ፣ ተቀደደ።»

ወይዘሮ አልጋነሽ ፊታቸው ተለወጠ። «ጣልሽው?»

«አልጣልኩትም። እየጠበቅኩት ሳለሁ ነው የተቀደደው።»

እናትየው ተቀብለው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ስፌቶቹን በጣታቸው ይዳብሱ ጀመር። ልጅቱ ቁጣውን እየጠበቀች ቆማለች። በኋላ የእናቲቱ እጅ አረንጓዴው ክር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ የኔ ስፌት ነው» አሉ።

«ያንቺ?»

«የኔ። ድንጋይ ላይ ጥሎት መጣ። ያን ሰሞን ጣቱን መርፌ ወግቶት አብጦ ስለነበር፣ እንኪ ስፊልኝ አለኝ። እዚሁ ተቀምጬ ሰፋሁለት። ጠማማ ነው እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።»

«ታዲያ ለምን የእጁ ሥራ ነው አልሽኝ?»

ወይዘሮ አልጋነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ረስቼው ነበር፣ ልጄ። ሰው ሲሞትብሽ የሠራውን እንጂ የሰበረውን አታስታውሺም።»

በማግስቱ ሁለቱም ወደ ሻምበል ቤት ሄዱ። የሞተውን ጨርቅ አውጥተው አዲስ ቆረጡ፤ እናትና ልጅ ተራ በተራ ሰፉት። ፍሬሕይወት ዘንግ መቁረጥና ጫፉን ማለስለስ ተማረች። ሁለቱን ክሮች አንድ ምስማር ላይ አስራ፣ እስከ ጫፋቸው ዘርግታ ስትወጥራቸው፣ አንዱ ከሌላው በጣት ያህል እንደሚያጥር አየች። ካይቱ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚጎትታት ለምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት፤ የእጇ ድክመት ይመስላት ነበር። ከሜዳ ስትመለስም የያዘውን አሸዋ በውኃ አጥባ፣ ጥላ ላይ አድርቃ፣ እያንዳንዱን ቋጠሮ በጣቷ ዳብሳ ከረጢት ውስጥ ታስቀምጠው ጀመር። ሳሎን ያለው ግድግዳ ባዶ ሆነ።

ከዚያም ጣለችው። በመጀመሪያው እሑድ ቢወድቅባትም እጇ ግን ተልኮ ነበር። ዘንግ ተሰበረ፤ ሳሩ ላይ ቁጭ ብላ ቀየረችው፣ ተነስታ እንደገና አወጣችው። የክረምቱ ዝናብ እስኪገባ እንዲሁ ስትጥልና ስታነሳ ከረመች። ዝናቡ ሲያባራ ተመልሳ ወረደች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ነጠላቸውን ተከናንበው ሳሩ ላይ እንደተቀመጡ፣ ሳበች፣ ላከች። ክሩ ረገበ። ካይቱ ሆዱን ለሰማይ ሰጠና ተኛ።

ዝም ብሎ ተኛ። ፍሬሕይወት ባዶ በሚመስሉት እጆቿ መካከል አየችው። ምንም አልያዘችውም ማለት ይቻላል፤ ግን የትም አልሄደባትም። ሳብ ስታደርገው ነቃ።

ወይዘሮ አልጋነሽ አላጨበጨቡም። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «የእሱ እንደዚህ ነበር?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ «የእሱ ረዘም ይል ነበር» አሉ። «ያንቺ ደግሞ ገና ነው። አንዴ ድገሚልኝ።»

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው የራሱን ግድግዳ ቢያይ መልካም ነው። ከወላጅ የተረከብነው ሙያ፣ የጋብቻ ፍቅር፣ የቆየ ወዳጅነት፣ የተማርነው ትምህርት፣ ብዙዎቻችን እነዚህን እንዳይሰበሩ ብለን ከፍ አድርገን ሰቅለናቸዋል። ስላልነካናቸው ደህና ያሉ ይመስለናል። ያልተነካ ነገር ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሳይወድቅም ያረጃል። ጠብቆ ማቆየት የሚቻለው እየተጠቀሙ፣ ሲጎዳም ቁጭ ብሎ እየጠገኑ ነው። መጠገን የተማረ ሰው መውደቅን እስከዚህም አይፈራም፤ መውደቅን ያልፈራ ሰው ደግሞ እጁን ማርገብ ባለበት ሰዓት ማርገብ ይችላል። ፍሬሕይወት ከአባቷ የወረሰችው ጨርቁን ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ ላይ አልቆባት ነበር። የወረሰችው ግን መስፋቱንና ማብረሩን ሆነ።

እርስዎስ እንዳይወድቅብኝ ብለው የሰቀሉት ምንድን ነው? አውርደው ስፌቱን ያዩት መቼ ነበር?