ለሕያው ሰው የተተከለ ድንኳን

«ድንኳኑን ትንሽ ወደ ግራ ሳቡት፤ አስከሬኑ በየት ሊወጣ ነው?» ይላል የእድሩ ዳኛ ስንሻው።

አንዲት ሴት እስከ ክንዷ አጥሚት ተለቅልቃ ከቤቷ ወጣች። «የማን አስከሬን?» አለች።

ሰዎቹ ገመድ እንደያዙ ቀሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ወገኖቼ። የሴትየዋ ባል ክንፈ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ከተኛ ስምንት ወሩ ነው። አገላብጣ የምታጥበው እሷ፣ በማንኪያ የምታጎርሰው እሷ። ስምንት ወር ሙሉ ድምፅዋ አልተሰማም። ያን ዕለት ጠዋት ግን አጥሚቱ ከነድስቱ ሲገለበጥባት አልቻለችም፤ «ኡኡ» አለች። አንዴ። ለአጥሚት።

ሰፈሩ ሰማ። ሰፈሩ ምን አለ? «ክንፈ አረፈ።» በግማሽ ሰዓት ድንኳን መጣ፣ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ ሰማንያ ሰው መጣ። አያችሁ እንዴት እንደምንፈጥን? በስምንቱ ወርስ ያቺን በር ያንኳኳ ስንት ነው? ልቁጠርላችሁ? አንድ ጣት ይበዛበታል።

ሴትየዋ ካስማውን ነቅላ በዳኛው አናት ላይ ልታሳርፈው ምንም አልቀራትም። እኔ ብሆን አሳርፈው ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ይሄኔ ከውስጥ የክንፈ ድምፅ መጣ፤ «ስንሻው፣ ድንኳኑን አትንቀሉት። ክረምት ነው፣ ጣሪያችን ያፈሳል። እስክሞት ድረስ እንገልገልበት።»

ካስማው ከእጇ ወደቀ። ደጃፉ ላይ ዘፍ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ በስምንት ወሯ።

አንዷ ለቀስተኛ ታዲያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «በበሽተኛ ይሳቃል እንዴ? ነውር አይደለም ወይ?»

እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ነውሩ የቱ ነው? ሸክሟን አላገዛችኋት፤ ትንፋሽ የምትሰበስብበትንም ትከለክሏታላችሁ? ቀልዱ እግሩን አልፈወሰም፤ የተደፋውም አጥሚት ወደ ድስቱ አልተመለሰም። ግን ያቺ ሴት ተነሥታ ሌላ አጥሚት ጣደች።

እናንተስ? መብራት ሲጠፋ፣ ሊጥ ሲደፋ፣ አለቃ ሲገላምጣችሁ፣ ፊታችሁን አጨፍግጋችሁ ልጆቻችሁ ላይ የምታወርዱት ኩርፊያ ጽድቅ መስሏችሁ ነው? ሳቅ ለሠርግ ብቻ ተሰጠ ያላችሁ ማን ነው? ቀልዱ። በራሳችሁ ቀልዱ እንጂ በደካማ አይደለም። መቀለድ ካቃታችሁ የሚቀልደውን ተዉት። ያም ካቃታችሁ አጥሚት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰውየው በሕይወት እያለ።

ስንሻውማ አፍሮ ድንኳኑን ጠቀለለ። ሲሄድ በበሩ አንገቱን አስግጎ «እንግዲህ ሌላ ጊዜ ሰብሰብ ብለን እንመጣለን፣ ጋሼ» አለ።

«ኑ» አለ ክንፈ። «ብቻ ያኔ እኔ ቤት ላልኖር እችላለሁ።»